ትርፍ አትጫኑ

ባለፈው ነሐሴ ሲያትል አጠገብ ባለው ሳማሚሽ ሐይቅ ላይ፣ ተከራይተን በወጣነው ጀልባ ዘጠኝ ሰው ነበርን። ከዘጠኛችን መዋኘት የምንችለው ሦስት ነን። ይሄ የገረመው ካለ ደጋ ያደገ ሰው አያውቅም ማለት ነው። ከወለሉ ሥር ያሉት የውሃ ታንኮች ጢም ብለው ሞልተዋል። በዚያ ላይ አንዱ ጓደኛችን ያመጣቸው ሁለት ትላልቅ የውሃ ከረጢቶች ከኋላ ተጋድመዋል። በዚያ ላይ ደግሞ አራት ሰው የጀልባው አፍንጫ ላይ ተኮልኩሏል። ምክንያቱ አንድ ነው፦ "ሞገዱ ይተልቃል!"

ቦርዱ ላይ የነበረው ልጅ ወደቀ። ሹፌራችን ሊያነሳው ዞረ፤ የገባው ግን እኛው ራሳችን ወደሠራነው ሞገድ ነው። አፍንጫው ቀና ሊል አልቻለም። ውሃው ከፊት ተደፍቶብን እስከ ጉልበታችን ደረሰ። ፊት ከተቀመጡት አንዷ መዋኘት አትችልም። ላይፍ ጃኬት አድርጋለች፤ ግን የያዘችኝ ክንዴ ላይ ለሁለት ሳምንት ያልጠፋ ሰንበር ትታ ነው። ፓምፑ ውሃውን አወጣልን፣ ማንም አልሞተም፣ ወጣን። ዳር እንደደረስን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ግን ሞገዱ እንዴት ነበር!"

ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ሞገዱም መጥፎ ነበር።

ለማታውቁት ላስረዳ። ዌክቦርዲንግ ማለት እግርህን ቦርድ ላይ አስረህ፣ ጀልባ በገመድ እየጎተተህ፣ ጀልባው ከኋላው ጥሎት የሚሄደውን ሞገድ (ዌክ ይሉታል) እንደ መወጣጫ ተጠቅመህ የምትዘልበት ስፖርት ነው። ባዶ ጀልባ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሄድ ውሃው ላይ ከፍ ይልና ዌኩ ያንሳል። ስለዚህ ክብደት ይጨመራል፤ ባላስት የሚባለው እሱ ነው። ጀልባው ጠለቅ ሲል ብዙ ውሃ ይገፋል፣ ዌኩ ያድጋል። እዚህ ድረስ ጠብ የለኝም። አርኪሜዲስም የለውም።

ጠቤ ከዚህ ቀጥሎ ካለው እምነት ጋር ነው፤ "እንግዲያው ብዙ ከሆነ የበለጠ ጥሩ" ከሚለው። እኔ ሜካኒካል ተመርቄ በኮድ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ይሄን በሽታ ከቢሮ አውቀዋለሁ። ፕሮግራሙ ሲንቀራፈፍ ችግሩን ፈልጎ ከመፍታት ይልቅ "ሰርቨር ጨምሩ" የሚል ሰው አይጠፋም። ሰርቨሩ ይጨመራል፤ ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል።

ለመዝለል የሚያስፈልገው የዌኩ ቅርጽ ነው። ቅርጹን የሚወስነው ደግሞ ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ነው። ኋላ ላይ ስትጭን ዌኩ ከፍ ይላል፣ ቀጥ ይላል፣ ይመታሃል። ኋላው ብቻ ከበዛ ግን ጫፉ ይፈርስና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ላይ ደግሞ ማንም አይዘልም። ፊት ላይ ስትጨምር ዌኩ ይረዝማል፣ እንደ ዳገት ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይጠነክራል። ፊቱ ከበዛ ደግሞ እኛ ላይ የደረሰው ይደርሳል። ግራና ቀኝ ካልተመዛዘነ አንዱ ጎን ንጹሕ ሆኖ ሌላው ይደፈርሳል። ሹፌሩ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ እሱ ራሱ ባላስት ነው፤ በግራ የሚመልስለት ሰው ይፈልጋል። ፍጥነትም አለ፦ ቀነስ ስታደርግ ጫፉ ይፈርሳል፣ ጨመር ስታደርግ ይጸዳል፣ ግን ዝቅ ይላል።

የሚኒባስ ረዳት ይሄን ያለ ዲግሪ ያውቀዋል። "አንተ ወደ ኋላ፣ እናት እዚህ ጋ ጠጋ በይ" የሚለው ስለሚወደን አይደለም። ያው ረዳት ትርፍ ሲጭን ደግሞ ትራፊክ ሲያይ "ዝቅ በሉ" ይለናል፤ እኛም እንታዘዛለን። የጀልባው ጉዳይ ከዚህ የሚለየው ትራፊክ እምብዛም አይገጥምህም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ስንት ሰውና ስንት ክብደት እንደሚጫን የሚናገር ሰሌዳ የሚያስገድደው ከ20 ጫማ ባጠሩ ጀልባዎች ላይ ነው። የዌክ ጀልባዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ ይረዝማሉ። ብዙ አምራች በፈቃዱ ይለጥፋል፤ እሱን የሚያነብ ግን እስካሁን አላየሁም። ከቤት ያመጣኸው ከረጢት ሲሞላ ጭነት ነው፤ እንደ ሰው ይቆጠራል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 500 ሊትር የሚይዝ ከረጢት ሰባት ጎረምሳ ማለት ነው። ግማሽ ብቻ ከሞላህው ደግሞ ጀልባው ባዘነበለ ቁጥር ውሃው ወደ ዝቅታው ይሮጥና ያባብሰዋል። ውሃ አልበቃ ብሏቸው እርሳስ የሚጭኑም አሉ። ጀልባ ሲሞላ የባላስት ውሃ ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ ነው፣ ወደ ታች አይጎትትህም። እርሳስ ይጎትትሃል።

"ፕሮዎቹስ ይጭኑ የለ?" ትሉኛላችሁ። ይጭናሉ። ግን ጀልባውን በሚያውቅ ሹፌር፣ በጥቂት ሰው፣ ለክተው። እኛ ደግሞ ጠዋት የተከራየነውን ጀልባ ማታ እንመልሳለን፤ መሃል ላይ የምናውቀው "ሙላው" የሚለውን ቁልፍ ብቻ ነው።

ከጀልባው ውጭም ሰው አለ። የሞገድ ኃይል ከከፍታው ካሬ ጋር ነው የሚያድገው፤ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ኃይል ዳር ሄዶ አፈር ይንዳል፣ የሰው ታንኳ ይገለብጣል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ለዌክሰርፍ የተጫኑ ጀልባዎች ሞገድ ተራ ጀልባ በ200 ጫማ ርቀት ወደሚያደርሰው መጠን እስኪወርድ ከ500 ጫማ በላይ ይፈልጋል። ዌክሰርፍ ከዌክቦርድ ይዘገያል፣ ሞገዱም ይበልጣል፤ እኛ ግን ያን ቀን የጫነው ለእሱ የሚጫነውን ያህል ነበር። ቬርሞንት በ2024 ደንብ አወጣች፦ ከዳር 500 ጫማ፣ ጥልቀት ቢያንስ 20 ጫማ። በዚያ ላይ አንድ ጀልባ በዓመት አንድ "የቤት ሐይቅ" ብቻ ይኑረው አለች። ታንክ ሙሉ በሙሉ ስለማይደርቅ በሚቀረው ውሃ መጤ ፍጡራን ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ይሻገራሉ። "ይሄ ደግሞ ማካበድ ነው" የሚል ካለ፣ ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው የጎርጎራን ዓሣ አጥማጅ ይጠይቅ። እምቦጭ በባላስት አልመጣም፤ መጤ አረም አንዴ ከገባ ግን በምን እንደመጣ መጠየቁ አያስወጣውም።

መስከረም ላይ ተመልሰን ሄድን። ስድስት ሰው፣ ከረጢት የለም። የኋላ ታንኮቹን ሞላን፣ የፊቱን ግማሽ ላይ አቆምን፣ ከባዱን ልጅ በግራ አስቀመጥን። ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ ከፍ እያደረግን የዌኩን ጫፍ አየን፤ አረፋው ሲጠፋ እዚያው ያዝነው። ዌኩ ከነሐሴው ያንሳል። ነሐሴ ላይ አስር ጊዜ ወድቆ አንዴም ያልተሻገረው ልጅ በሦስተኛው ሙከራ ከዌክ ወደ ዌክ ተሻግሮ በእግሩ አረፈ። ክንዴን የያዘችው ልጅም መጥታ ነበር፤ ኋላ ተቀምጣ ቪዲዮ ቀረጸችው።

ጓደኛችን ሁለቱን ከረጢቶች ለሽያጭ አውጥቷቸዋል። ሦስት ሰው ደውሎለታል። ሁለቱ የጠየቁት ከዚህ የሚበልጥ እንዳለው ነው።