ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ሥራ ስለ መግባት

ዘር በተዘራበት ቀን እንደማይታጨድ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። መሬቱ ታርሶና ለስልሶ፥ ቡቃያው ዝናብ ጠግቦ፥ አረሙ በጊዜው ተነቅሎ ነው እንጂ ጎተራ በአንድ ሌሊት አይሞላም። በትምህርት ነገር ግን ይህ የታወቀ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ ወጣቶች ጥቁር ካባ ለብሰው ሲመረቁ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ እልል ይላል፤ በማግሥቱም ከፍ ያለ ወንበርና የተትረፈረፈ ደመ ወዝ ይጠበቃል። የተጠበቀው የቀረ እንደ ሆነ ደስታው ወደ ኀዘን፥ ኀዘኑም ወደ ምሬት ይለወጣል። ስለዚህ አዲስ ምሩቅ ምን ተስፋ ሊያደርግ እንደሚገባው፥ ሌላውስ ለእርሱ ምን ሊያደርግለት እንደሚገባ መመርመር ለመንግሥት ሹማምንትም ለሕዝብ አባቶችም የሚጠቅም ነገር ነው።

ይህ ታላቅ ተስፋ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ የተማረ ሰው ጥቂት፥ ባዶ ወንበር ግን ብዙ ነበረ። ከዚያ የሚወጣውን ወጣት መሥሪያ ቤቶች ይሻሙበት ነበርና በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማዕረግ ይበቃ ነበር። በደርግም ዘመን መንግሥት ራሱ ምሩቃንን በየመሥሪያ ቤቱ ይመድብ ስለ ነበረ፥ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ የያዘ ሰው ሥራ ፍለጋ ደጅ አይጠናም ነበር። አባትና እናት ያንን ዘመን አይተው ወይም ሰምተው ልጃቸውን አስተማሩ። ዛሬ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። የተማረው ሰው መብዛቱ ለአገር ደስታ ነው፤ ወንበሩ ግን በዚያው ልክ አልበዛም። ዘመኑ ተለውጦ ሳለ ተስፋው በአሮጌው ዘመን ልክ ተሰፍቶ ቀርቷልና፥ ወጣቱ ስንፍና ሳይኖርበት እንደ ሰነፍ፥ ወላጁም ሳይታለል እንደ ተታለለ ሆኖ ይታየዋል።

ስለ ደመ ወዝም በጨለማ ከመመኘት በቁጥር መነጋገር ይሻላል። በ2018 ዓ.ም. በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመ ወዝ መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ በወር 11,500 ብር ይቈረጥለታል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሆኖ፥ የቀረው ደረጃ በደረጃ ሲታሰብ ግብሩ 2,100 ብር ይሆናል። ለጡረታ ከመቶ 7 ሲቀነስ ደግሞ 805 ብር ነው። እንግዲህ እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው ማለት ነው። በወጪ መጋራት የተማረም ሰው ዕዳውን ከዚሁ ላይ ይከፍላል። በከተማ የቤት ኪራይ፥ የመጓጓዣ፥ የምግብና የልብስ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ያወቀ ወጣት ከጓደኛው ጋራ ቤት ተጋርቶ፥ ወጪውን መጥኖ ይኖራል። ያላወቀው ግን የመጀመሪያውን ወር ደመ ወዝ በተቀበለ ጊዜ የተዘረፈ ይመስለዋል፤ ከገጠር ሆኖ ገንዘብ የሚጠብቀው ወላጁም ልጁ የከዳው ይመስለዋል።

ሁለተኛው ነገር የሥራው ዓይነት ነው። አዲስ ገብ ሰው በመጀመሪያው ዓመት መዝገብ እንዲያስተካክል፥ የሌላውን ሰው ደብዳቤ በንጽሕና እንዲገለብጥ፥ ታላላቆቹ የሚሠሩትን ቆሞ እንዲያይ ይታዘዛል። ብዙዎች ይህን እንደ ውርደት ይቈጥሩታል። ሕጉ ራሱ ግን አዲስ ሠራተኛ እንደሚፈተን አስቀድሞ አስታውቋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪው ሠራተኛውን እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ በሙከራ ይዞ እንዲመለከተው ይፈቅዳል፤ በዚህም ጊዜ ለሥራው አለመስማማቱ የታወቀ እንደ ሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። ስለዚህ በጥቂቱ ታምኖ መገኘት የትልቁ ሥራ በር መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ይህ ምክር ለቤተ ክህነት ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ቁራሽ ለምኖ፥ ደበሎ ለብሶ የተማረ የቆሎ ተማሪ ቅኔ ተቀኘሁ ብሎ በዚያው ቀን መምህር ልባል አላለም። ታላቁ ተማሪ ታናሹን እያስጠና፥ መምህሩንም እያገለገለ ይቈይ ነበር። ድጓ ያጠናም ሰው ቤተልሔም ሄዶ እስኪያስመሰክር ድረስ ዕውቀቱ ሙሉ ሆኖ አይቈጠርለትም ነበር። አንዱን ጉባኤ ሲፈጽም ወደ ሌላው ጉባኤ ይሻገራል፤ ወንበር የሚተከልለትም መምህሩ ሲመርቀውና ሕዝብ ሲፈልገው ነው። እንግዲህ ምርቃት የትምህርት መጨረሻ ሳይሆን የፈቃድ መጀመሪያ መሆኑን ከካህናት ይልቅ ለወላጆች ማስረዳት የሚችል የለም። የንስሐ አባት በየቤቱ ሲገባ ይህን ቢመክር፥ ልጁ ሥራ አጥቶ ዓመት ቢቀመጥ ወላጁ እንዳይረግመውና እንዳያሳፍረው ያደርጋል። ውርደቱን መሸከም አቅቶት በሬ አሽጦ፥ በጅቡቲና በየመን በኩል በበረሃና በባሕር አልፎ ወደ ዐረብ አገር ለመሻገር ሕይወቱን ለደላላ የሚሰጠውን ወጣት አንድ መልካም ቃል ልትመልሰው ትችላለች።

ይሁን እንጂ ትዕግሥትን ለወጣቱ ብቻ ሰብኮ ዝም ማለት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ለጀማሪ በሚሆን ወንበር ላይ የሁለትና የሦስት ዓመት ልምድ አምጣ የሚል ማስታወቂያ በየሰሌዳው ይለጠፋል። ሁሉም መሥሪያ ቤት ልምድ የሌለውን አልቀበልም ካለ፥ ልምድ ከወዴት ይገኛል? ውሃ ሳይገቡ ዋና እንደማይለመድ ሁሉ፥ ሥራ ሳይሰጡ ልምድ መጠየቅ ከፍርድ የራቀ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50 ሳያገኝ አይመረቅም። በዚህ ወንፊት ያለፈውን ሰው መሥሪያ ቤቱ ተቀብሎ ሊያሠለጥነው እንጂ ከደጅ ሊመልሰው አይገባም። ከዚህም የሚከፋው፥ ማስታወቂያው ለሁሉ ተለጥፎ ሳለ ወንበሩ አስቀድሞ ለዘመድ ተሰጥቶ የተገኘ እንደ ሆነ ነው። በትዕግሥት ደረጃ በደረጃ ውጣ የተባለው ወጣት መሰላሉን ሌላው በዝምድና ሲዘለው ካየ፥ ትዕግሥት ሞኝነት ይመስለዋል። የሹም አድልዎ አንድ ሰው ብቻ አይበድልም፤ የብዙዎችን ትጋት ይገድላል።

ሌላም አሮጌ ደዌ አለ። ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን መናቅ ለአገር ብዙ ጉዳት አድርሷል። ያው ንቀት ዛሬ መልኩን ለውጦ፥ የተማረ ሰው ከጽሕፈት ጠረጴዛ በቀር ሌላ ሥራ ቢይዝ ትምህርቱ የባከነ ያስመስለዋል። የእርሻ ትምህርት የተማረ ራሱ ቢያርስ፥ የሒሳብ አያያዝ የተማረ ሱቅ ቢከፍት፥ መሐንዲስም ከግንበኛ ጋራ ሲሚንቶ ቢያቦካ፥ ዕውቀቱ ፍሬ አፈራ እንጂ አልባከነም። ወደ ገጠር ወረዳ ሄዶ መምህር ወይም ጤና ባለሙያ መሆንም ሥራን በሙሉ ለመማር ከከተማ የተሻለ አጋጣሚ ነው፤ በዚያ ረዳት ጥቂት ስለ ሆነ አንዱ ሰው ብዙ ሥራ ይለምዳልና።

እንግዲህ ከእያንዳንዱ የሚፈለገው ግልጥ ነው። ወጣቱ ደመ ወዙን በቁጥር ይወቅ፥ ትንሹን ሥራ አይናቅ፥ የመጀመሪያዎቹንም ዓመታት እንደ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ይቍጠር። ወላጅ የልጁን ዋጋ በወንበሩ ከፍታ አይለካ። ካህናት ይህን በምክርና በትምህርት ያጽኑ። የመንግሥት ሹማምንት ደግሞ ለጀማሪ የሚሆነውን ወንበር ለጀማሪ ይተዉ፥ የሚያሠለጥን ነባር ሠራተኛ ይመድቡለት፥ ቅጥሩንም ያለ አድልዎ ይፈጽሙ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት የቀድሞ ሰዎች ምክር ነው፤ ነገር ግን እንቁላሉን የሚያቅፍ ሲኖር ነው።