ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መርከቡን ግቡና እዩት

ይህን የምጽፈው ኤርፖርት ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ከፊቴ 40 መኪና ስላለ ረዘም ቢልባችሁ አትፍረዱብኝ።

ሲያትል ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር የአላስካ መርከቦች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እኛ ታክሲ ነጂዎች ደግሞ ከነሻንጣው ሰው ጭነን ፒየር 66 እና ፒየር 91 እንመላለሳለን። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው በር ላይ አውርጄ "መልካም ጉዞ" እያልኩ ስመለስ፣ ያ ሕንፃ የሚያህል ነገር ውስጡ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር ገባሁ። ከባለቤቴ ጋር።

የዛሬው ሐሳቤ አጭር ነው፦ መርከቡን በዓይናችሁ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። በተለይ ከቤታችሁ ባሕር የሚፈራ ሰው ካለ።

ነገሩ የተጀመረው በማኅበራችን ነው። ስምንት ቤተሰብ ነን። ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን አላስካ እንሂድ ተባለ። አስተባባሪው ጓደኛችን ዋጋ አጣርቶ መጣና "መስኮት የሌለውን ክፍል እንያዝ፣ እሱ ነው ርካሹ። ክፍል የምንገባው ለመተኛት ብቻ ነው" አለ። ለኪስ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሁሉም ተስማማ። ባለቤቴ ብቻ እምቢ አለች።

የሚቀጥለውን ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ እዚህ አገር የደረሰችው በየመን በኩል ነው። ከቦሳሶ ተነስታ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ በደላላ ጀልባ ተሻግራለች። ሁለት ሌሊት ከታች፣ ዓሣ የሚከማችበት ጨለማ ውስጥ፣ ጉልበቷን አቅፋ። የብሱ ሲታይ ደላሎቹ ገና ጥልቁ ላይ እያሉ "ዝለሉ" አሏቸው። ከዘለሉት ውስጥ ሁሉም አልወጡም። ሲያትል 12 ዓመት ስትኖር ፌሪ እንኳ ተሳፍራ አታውቅም።

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? አምስት ኪሎ መካኒካል ምህንድስና የተማርኩ ሰው አይደለሁ፣ ቁጥር መደርደር ጀመርኩ። ርዝመቱ ይህን ያህል፣ ሞተሩ ይህን ያህል እያልኩ "ይሄ እኮ ጀልባ አይደለም፣ ከተማ ነው" አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ታይታኒክስ ምን ነበር?" አለችኝ። ጓደኞቻችን ደግሞ በየቀኑ የዩቲዩብ ቪዲዮ ይልኩላታል። ቪዲዮው በበዛ ቁጥር እንቅልፍ አጣች። አንድ ማታ ተናድጄ "በአንቺ ምክንያት ልጆቹ ሊቀሩ ነው" አልኳት። እስካሁን የማፍርበት ንግግር ነው።

መላውን ያመጣችው ትኬት የምትቆርጥልን የጉዞ ወኪል ናት። "መርከቡ ወደብ ላይ በሚውልበት ቀን ጎብኚ የሚያስገቡ ኩባንያዎች አሉ። ልጠይቅላችሁ?" አለች። ድሮ መንገደኛ ሊሸኝ የመጣ ሰው መርከቡ ላይ ወጥቶ፣ ተሰናብቶ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ከደረሰው የመስከረም 11 ጥቃት በኋላ ነገሩ ጠበቀ፤ በ2004 ደግሞ ዓለም አቀፉ የመርከብና የወደብ ጥበቃ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ አሁን ዝም ብሎ ሄዶ መግባት የለም። ስማችሁ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ሆኖ አስቀድሞ ይላካል፣ በፍተሻ ትገባላችሁ፣ ቦታውም ውስን ነው። ሁሉም ኩባንያ አይፈቅድም። መጠየቅ ግን ገንዘብ አያስከፍልም።

ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ ወደ ቤንብሪጅ ደሴት ፌሪ ተሳፈርን። 35 ደቂቃ ነው። ስንሄድ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማ ደረሰች። ስንመለስ ግን ተቀመጠች። ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

የጉብኝቱ ቀን ደረሰ። መርከቡ ጠዋት የመለሳቸውን መንገደኞች ያወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ አዲሶቹን ይዞ ይወጣል። ጎብኚ የሚገባው በመካከል ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ሠራተኛው አንሶላ ተሸክሞ ይሮጣል። ቲያትሩን አሳዩን፣ የመዋኛ ገንዳውን አሳዩን፣ ምግብ ቤቱን አሳዩን። ባለቤቴ አንዱንም ልብ ብላ አላየችም። "መኝታውን አሳዩኝ" አለች።

መጀመሪያ መስኮት የሌለውን ክፍል ከፈቱልን። ገባች። በሩን ዘጋሁት፣ መብራቱን አጠፋሁት። አምስት ሰከንድ አልሞላም፣ በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች። ፊቷ ሌላ ሆኗል። "እዚህ አልተኛም" አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ስምንት ቤተሰብ ለርካሽነቱ ብለን የተስማማንበት ክፍል ለእሷ ያ የጀልባው ሆድ ነው። ቀብዱን ከፍለን፣ ጓዛችንን ጭነን፣ የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ ባሕር መሀል ብናውቀው ኖሮስ? የቀሩትን ስድስት ሌሊቶች ምን ልናደርግ ነበር? ይህን የትኛው ቪዲዮ ይነግረን ነበር?

ቀጥሎ መስኮት ያለው ክፍል ገባን። አስጎብኚዋ ይቅርታ እንደመጠየቅ እያለች "ይኼኛው እይታው የተጋረደ ነው፤ ለዚህ ነው የረከሰው" አለች። እውነትም ከመስኮቱ ፊት ለፊት ብርቱካንማ የነፍስ አድን ጀልባ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ተጠግታ ጀልባውን ቆማ አየችው። የሚይዘው ሰው ብዛት ጎኑ ላይ ተጽፏል፦ 150። "ለሁሉም ይበቃል?" አለችኝ።

ምህንድስናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀመው እዚያ ነው። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሰምጥ ከ2,200 በላይ ሰው ይዞ፣ ጀልባዎቹ የሚበቁት ግን ለ1,178 ሰው ብቻ እንደነበር ነገርኳት። በዚያ ጦስ በ1914 ሶላስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መጣ። ዛሬ በአገሮች መካከል የሚጓዝ የመንገደኛ መርከብ ጀልባውና ተንሳፋፊ ራፍቱ ተደምሮ ለተሳፋሪም ለሠራተኛም፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ በዚያ ላይ የ25 በመቶ ትርፍ። በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ዳርቻ ላይ ከተገለበጠ በኋላ ደግሞ የአደጋ ጊዜ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሳ እንዲደረግ ደንቡ ተጠናከረ። ቤት ውስጥ ሁሉንም ነግሬያት ነበር። አልሰማችኝም። አሁን ግን ጀልባው ፊቷ ተንጠልጥሏል።

ቁም ሣጥኑን ከፈተች። የነፍስ አድን ጃኬቶቹ ተደርድረዋል። አንዱን አወጣችና "እኛ ጋ አንድም አልነበረም" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ "ወደብ ላይ የታሰረ መርከብ ምን ያሳያል? እንደ ሕንፃ ነው የቆመው" ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ኤልየት ቤይ ላይ ምንም አይነቃነቅም። ከሲያትል የሚነሱት ብዙዎቹ ግን በቫንኩቨር ደሴት በስተምዕራብ፣ በክፍቱ ፓስፊክ ነው የሚያልፉት፤ እዚያ ማዕበል አለ። ከጎንና ከጎን የሚወጡት ማረጋጊያ ክንፎች ወደ ጎን መወዛወዙን ይቀንሳሉ፣ ፊትና ኋላ የሚያደርገውን ግን እምብዛም። ልጆች ሲጫወቱበት የምታዩትን ሚዛን እንጨት አስቡ፤ ጫፍና ጫፍ ያለው ይነሳል፣ ይወድቃል፣ መሀል ያለው ብዙም አይንቀሳቀስም። መርከብም እንደዚያው ነው። የሚያቅለሸልሸው ሰው ካላችሁ መሀል ላይ፣ ከታች ያሉትን ፎቆች ምረጡ።

ሌላም ጉብኝቱ የማያሳያችሁ ነገር አለ፣ ወረቀት። እ.ኤ.አ. በ1886 በወጣ የአሜሪካ ሕግ ምክንያት የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከሲያትል ተነስቶ ሲያትል ሲመለስ መንገድ ላይ የውጭ ወደብ መንካት አለበት። ብዙውን ጊዜ የካናዳዋ ቪክቶሪያ ናት። ያ ማለት ከአሜሪካ ወጣችሁ፣ ተመልሳችሁ ገባችሁ ማለት ነው። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያላለቀ፣ ወይም ከአገር ቤት እናት አባት በቪዛ ያመጣችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ።

ዋጋውንም ሙሉውን ጠይቁ። ማስታወቂያው ላይ የወደብ ክፍያው፣ በየቀኑ በየሰዉ የሚታሰበው ቲፕ፣ መጠጡ ላይካተት ይችላል። ቲፑን ግን እባካችሁ አታሰርዙ፤ እኔ በቲፕ የምኖር ሰው ነኝ። እነዚያ አንሶላ ይዘው የሚሮጡት ልጆች ለወራት ከቤተሰባቸው ተለይተው ነው የሚሠሩት።

እኛ ሰዎች ግን ምን ነካን? አባቶቻችን ገበያ ወጥተው በሬ ሲገዙ ጥርሱን ሳያዩ ብር አይቆጥሩም ነበር። እኛ አገር ቤት ያለ አፓርታማ ከወረቀት ላይ ሥዕል አይተን ቀብድ እንልካለን፣ መኪና ከስልክ ላይ እንገዛለን። ከዚያ ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየውን በሬ እንሆናለን። "ዩቲዩብ ላይ ሁሉ አለ" ለሚሉኝ መልሴ ይሄ ነው፦ ዩቲዩብ ላይ መርከቡ አለ። ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ እናንተ ምን እንደምትሆኑ ግን የለም።

ከመርከቡ ስንወርድ እንሂድም አንሂድም አላልኳትም። እሷ ግን መኪና ውስጥ "አሁን እምቢ ብል እንኳን አይቼ ነው እምቢ የምለው" አለችኝ። ሁለት ሳምንት ስለ መርከብ አላነሳሁም። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስገባ እራት እያቀረበች "ያ ጀልባ የሚጋርደው ክፍል አሁንም አለ?" አለችኝ።

አለ። ሌላው ሰው እይታዬን ጋረደብኝ ብሎ የሚሸሸውን ክፍል እሷ መርጣ ያዘች። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ማየት የምትፈልገው ተራራውን ሳይሆን ያንን ጀልባ ነው። ቀብዱንም ትናንት ከፍለናል።

ወረፋዬ ደርሷል። ቸር ይግጠመን።