«የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው» ለምትሉ

«ጥቁር ቆዳ ካንሰር አይነካውም፣ ሜላኒናችን ይበቃናል» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በየገጹ እየተቀባበላችሁት ነው። ሼር ካደረጉት መካከል ባዮሎጂ ያስተማርኳቸው ልጆች አሉበት። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሜላኒን ከፀሐይ ጨረር ይከላከላል፣ እውነት ነው። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰርም እኛ ላይ ከነጮቹ እጅግ ያነሰ ነው። ግን «ያነሰ» እና «የለም» አንድ ናቸው እንዴ? ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። አዲስ አበባ ላይ ሐውልት ያቆምንለት ቦብ ማርሌ የሞተው በምን መሰላችሁ? በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981፣ ገና በ36 ዓመቱ።

«ጥቁር ነጥብ በአሲድ እናጠፋለን» ለምትሉትም መልስ አለኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ባዮሎጂ ታገሡኝ።

«ካንሰር የጂን መበላሸት ነው» ብለን ለፈተና ሸምድደናል። ግን አይበቃም። ብራፍ የሚባል ጂን አለ፤ ከሜላኖማዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ተበላሽቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ግን ምንም ጉዳት የሌላቸውን ተራ ጥቁር ነጥቦች ሲመረምር አብዛኞቹ ላይ ያንኑ ብልሽት አገኘ! ታዲያ ለምን ሁሉም ካንሰር አልሆኑም? ፍሬናቸው ስለሚሠራ ነው። በተራው ነጥብ ውስጥ ፒ16 የሚባል ፕሮቲን የሚያመርተው ጂን ይበራና ሴሉን «በቃህ፣ አትባዛ» ይለዋል። በብዙ ሜላኖማዎች ግን ይህ ጂን ወይ ተቆርጦ ወጥቷል ወይ ጠፍቷል። በተቃራኒው ፕሬም የሚባለው ጂን በአብዛኞቹ ተራ ነጥቦች ላይ ጠፍቶ፣ በአብዛኞቹ ሜላኖማዎች ላይ በርቶ ይገኛል። ቁም ነገሩ ጂኑ መኖሩ ብቻ ሳይሆን የትኛው በራ፣ የትኛው ጠፋ የሚለው ነው።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል? አይቻልም። ሐኪም የሚጠረጥረውን ቆርጦ ወደ ፓቶሎጂ የሚልከው ለዚህ ነው። የውበት ሳሎን ውስጥ በአሲድ ሲቃጠል ግን ማስረጃው አብሮ ተቃጠለ ማለት ነው። ላዩ ይድናል፣ ሥሩ ካንሰር ከሆነ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ይሄ ውበት ነው ወይስ ቁማር?

ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቆዳ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ ፕሬምና ሌላ አንድ ጂን መብራታቸውን የሚለካ ምርመራ ወጥቷል። ድንቅ ነው። ግን ለመዳፍ፣ ለውስጥ እግርና ለጥፍር አይሆንም። የእኛ ሜላኖማ በሚወጣበት ቦታ ማለት ነው! እኛው ራሳችን «በሽታው የኛ አይደለም» እያልን ማን እንዲያጠናልን ነው የምንጠብቀው?

ስለዚህ ዛሬ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩ። የእናት አባታችሁንም እዩላቸው። እያደገ የሚሄድ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ የሚደማ ነጥብ ወይም አልድን ያለ ቁስል ካለ ሐኪም ይየው። ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ ግን አትናቁት። ሐኪሙ ቆርጦ ካወጣላችሁም «ለፓቶሎጂ ይላካል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ክፍል ውስጥም ስለምን እጃችሁን አውጡ እላችሁ ነበር?

ያንን ጽሑፍ ሼር ያደረጋችሁ ልጆቼ፣ አጥፉት። አልቀየማችሁም።