አዲሱን ውሻ በሰንሰለት አትቀበሉት

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከልን በሚያዋስኑት ሰፈሮች የሌሊት የውሻ ጩኸት ማንንም አያስደነግጥም። ማዕከሉ ከእንጦጦ ተራራ ጋር የተያያዘ 705 ሄክታር መሬት ነው። ሲመሽ ከጫካው ጅብ ይወጣል፤ በአካባቢው ብዙ ሰው ውሻ የሚያሳድገውም ግቢውን ከጅብና ከሌባ እንዲጠብቅለት ነው። የሌሊቱ ጩኸት እንግዲህ የውሻው ሥራ ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ሌላ ድምፅ አለ፤ ቤተሰቡ ጠዋት በሩን ዘግቶ ሲወጣ የሚጀምረው ማላዘን።

ማላዘኑ በቅርብ ጊዜ በመጣ ውሻ ላይ ይበረታል። ከመንገድ የተነሣ፣ ባለቤቱ አገር ለቆ ሲሄድ ለጎረቤት የተሰጠ፣ ወይም ገና ከእናቱ የተለየ ውሻ አዲስ ግቢ ሲገባ የሚጠብቀው አቀባበል በአብዛኛው አንድ ነው፦ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ወይም በር አጠገብ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ቤት ይዘጋበታል። «ይልመድ» ይባላል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። እንዲህ የተያዘ ውሻ የሚማረው ብቻውን መሆን አስፈሪ እንደሆነ ነው።

ገና ትናንት የመጣ ውሻ ማንን ይናፍቃል የሚል ይኖራል። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ሥራ መልስ አለው። በ1998 እ.ኤ.አ. የሕፃንና የእናትን ትስስር ለመመርመር የሚያገለግለውን ፈተና በውሾችና በባለቤቶቻቸው ላይ ሞክረው ተመሳሳይ ትስስር አገኙ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመጠለያ የሚኖሩ ውሾችን መረመሩ። አንድ ሰው ለ10 ደቂቃ ያህል ሦስት ጊዜ ብቻ የተጫወተላቸው ውሾች ያን ሰው ከሌላው ለይተው መጠጋት ጀምረው ነበር። ቤት ያጣ ውሻ በፍጥነት ሰው ይለምዳል፤ ያ ሰው ከዓይኑ ሲጠፋም በዚያው ልክ ይጨነቃል።

ጭንቀቱ ምልክት አለው። ውሻው ያላዝናል፣ በር ይቧጭራል፣ ጫማ ያኝካል፣ ለሃጩን ያዝረበርባል፣ ውጭ መጸዳዳት የለመደውም እቤት ይሸናል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ባለቤቱ በወጣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ግን ማታ ሲመለስ የተበላሸውን አይቶ «አውቆ ነው፣ ፊቱን እዩት» ብሎ ይገርፈዋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ውሾች ያን የጥፋተኛ ፊት የሚያሳዩት ስላጠፉ ሳይሆን ባለቤታቸው ስለተቆጣቸው መሆኑን አሳይታለች። ምንም ያላጠፋ ውሻም ሲቆጡት አንገቱን ይደፋል። ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ዱላ ውሻውን የባለቤቱን መመለስም እንዲፈራ ያደርገዋል።

በጉለሌ ዳርቻ የዚህ ጭንቀት ዋጋ ከባድ ነው። የተጨነቀ ውሻ ጥፍሩ እስኪደማ አጥር ሥር ይቆፍራል፣ ጥርሱ እስኪሰበር ሽቦ ይነክሳል፤ ከቀናውም ያመልጣል። ከውጭ መኪናና ጅብ ይጠብቁታል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው ተረት በዚህ ሰፈር ቃል በቃል ሊደርስ ይችላል። ያልተከተበ ሆኖ ካመለጠ ደግሞ ጉዳዩ የጎረቤት ልጆችም ይሆናል። ሰዉ እስካሁን ፓስተር እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚያው ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ ነዋሪው ያውቃል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ክትባት ይቅደም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ብቻን መሆን በሰከንድ ይጀመራል። ባለቤቱ ከበሩ ወጥቶ ወዲያው ይመለሳል፤ ውሻው ከተረጋጋ ወደ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ አምስት ያሳድገዋል። ከጮኸ ጊዜው ረዝሟልና ወደ ኋላ ይመለሳል። ቁልፍ ሲንቃጨልና ጫማ ሲጠለቅ የሚደናገጥ ከሆነ፣ ባለቤቱ በቀን ደጋግሞ ቁልፉን አንሥቶ ሳይወጣ ይቀመጥ። ሲወጣ ሥጋ ያለበት አጥንት ይተውለት፤ ሲመለስም ግርግር ሳያበዛ ይግባ።

የውሻ ቤትን በሚመለከት ዓለም አንድ ሐሳብ የለውም። በአሜሪካ ብዙ አሠልጣኞች የሽቦ ቤትን ይመክራሉ፤ ስዊድን ግን ውሻን መኖሪያ ቤት ውስጥ በተዘጋ ሳጥን ማቆየትን በሕግ ትከለክላለች። በሁለቱም ወገን የማያከራክረው ነገር በድንገት መዝጋት እንደሚጎዳ ነው። ቤቱ ውሻው የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና ተዘርግቶ የሚተኛበት ስፋት ይኑረው። በሩ ለቀናት ክፍት ሆኖ ምግቡን እዚያው ይብላ፤ ራሱ ገብቶ መተኛት ሲጀምር ብቻ ለአጭር ጊዜ ይዘጋ። ተዘግቶበት የሚታገል ውሻ ግን ይውጣ፤ ለእሱ የሚሻለው ሰፊ ቦታ ነው። ቆርቆሮ ቀትር ላይ ያቃጥላል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ አካባቢም ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጥላና ጉዝጓዝ ግድ ነው።

«የጥበቃ ውሻ ከተሞላቀቀ አይጠብቅም» የሚለውን ክርክር ብዙዎች ያነሡታል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያላዝን የዋለ ውሻ ሌሊት በነፋሱም በቅጠሉም ይጮኻል፤ ቤተሰቡም ማድመጡን ይተዋል። ቀን ተረጋግቶ ያረፈ ውሻ ሲጮኽ ግን ሰው ተነሥቶ ይወጣል።

በልምምድ የማይሻለው ውሻ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገዋል። ለዚህ ጭንቀት የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ክሎሚፕራሚን በ1998፣ ፍሉክሰቲን በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለውሾች ተፈቅደዋል። የሚሰጡትም ከልምምዱ ጋር በሐኪም ትእዛዝ ነው። ለሰው የታዘዘ ክኒን ቆርሶ መስጠት አደገኛ ነው።

ውሻ ለማሳደግ ያሰበ ሰው ዓርብ ማታ ወይም በበዓል ዋዜማ ያምጣው፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰው እቤት ይዋልለት። ያስከትበው፣ መተኛውን ቀድሞ ያዘጋጅለት፣ ልጆቹም እንዳይመቱት ይንገራቸው። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ጊዜ እስኪያገኝ ውሻ ባያመጣ ይሻላል።