«እንዴት ከረማችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ጥብቅና

ክረምት በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆያል። በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ግን ክረምትን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ወንዝ ነው። ወንዝ ሲሞላ ማዶ የተዳረች ልጅ ከእናቷ፣ ወንድም ከወንድሙ ተለያይቶ ይከርማል። ድልድይ ባልነበረበት አገር በሐምሌ የሞተን የአጎት ልጅ መርዶ በመስከረም መስማት እንግዳ ነገር አልነበረም። ውሃው ሲጎድልና ጭቃው ሲደርቅ ዘመድ ተነሥቶ ዘመዱን ይጠይቃል። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን አረፈ፣ የማን ማሳ በበረዶ ተመታ፣ የማን በሬ ገደል ገባ፤ የከረመው ሁሉ ይነገራል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ መጠያየቅ ጥብቅና ለመቆም የተነሣ ነው። ጥብቅና ያስፈለገውም ልማዱ ከሚንቁት ሰዎች ይልቅ እናከብረዋለን በሚሉት ዘንድ እየተዳከመ በመሆኑ ነው።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል። ውሎ የተገናኘ «እንዴት ዋልክ?»፣ አድሮ የተገናኘ «እንዴት አደርክ?» ይላል። ጥቂት ቀናት የተለያየ «እንዴት ሰነበትክ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በዚህ ቃል ውስጥ ሰንበት አለች። ወራት ያለፉበት ደግሞ «እንዴት ከረምክ?» ይላል፤ በዚህኛው ውስጥ ክረምት አለ። እንግዲህ ጥያቄው የመለያየቱን ዘመን ለክቶ የሚቀርብ ነው፤ መልሱም በዚያው ልክ ይጠበቃል። «እንዴት ዋልክ?» ላለ ሰው «ደህና» ማለት ይበቃል። «እንዴት ከረማችሁ?» ላለው ግን «ደህና» ብቻ ብሎ ማለፍ በቁና የተበደሩትን እህል በጭብጥ እንደ መመለስ ነው።

አንዳንድ የተማሩ ወገኖች ይህን ረጅም ሰላምታ «ሥራ ፈትነት» ይሉታል። ለመሆኑ አንዲት አዛውንት በመስከረም ደጃፏ ላይ ቆማ ስትጠይቅ የምታከናውነውን ሥራ አስበውት ያውቃሉን? ክረምት የአምናው እህል የሚያልቅበት፣ የዘንድሮው ያልደረሰበት ወቅት ነውና የማን ጎተራ እንደ ተራቆተ የምትሰማው ያን ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተር የሌለውን ልጅ ታውቃለች። ጋብቻ ታስቦ እንደሆነ እስከ ሰባት ቤት ቆጥራ «እነዚህ ይዛመዳሉ» ብላ ታስጠነቅቃለች። የጡት ልጁን፣ አበልጁን፣ ምራቱን ሳይቀር በየስማቸው ትጠይቃለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ያለ መዝገብና ያለ ደመወዝ ነው። ሥራ ፈት የምትባለው እርሷ ከሆነች፣ ሥራ ያለው ማን እንደሆነ ሊነገረን ይገባል።

የሌሎቹ ክስ ከዚህ የበረታ ነው። ዘር ቆጠራ የርስት ሙግት መሣሪያ ነበር፤ ዛሬም በመሥሪያ ቤት በዝምድና መጠቃቀምን ይወልዳል ይላሉ። የመጀመሪያው ክስ እውነትነት አለው። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት ወዲህ ያለውን ትውልድ በመቁጠር ስለ ነበር ዘመድን ማወቅ ጥቅም ያስገኝ ነበር። ሆኖም የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ያ ጥቅም ቀረ፤ መጠያየቁ ግን አልቀረም። ሕዝቡ ይጠይቅ የነበረው ለመሬት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመሬቱ ጋር በተወው ነበር። ስለ ሁለተኛው ክስ የምንለው አጭር ነው። በዝምድና የሚሾም ባለሥልጣን «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» እያለ ይተርት ይሆናል፤ ነገር ግን አልጋ ላይ የዋለች አክስቱን ደጃፍ ሲረግጥ አይታይም። አድልዎ የሚጠቅመውን ዘመድ ይመርጣል። የመስከረሙ ጥያቄ ግን ከሁሉ በፊት መበለቷንና አቅመ ደካማውን ይፈልጋል።

ዋናው ወቀሳ የሚያርፈው በኪነ ጥበቡ መንደር ላይ ነው። መስከረም በጠባ ቁጥር አደይ አበባ ይሣላል፣ ይዘፈናል፣ መድረክ ያስጌጣል። ከገጠር የመጣ ዘመድ በቴአትር ውስጥ ቢገባ ግን ሰላምታውን እያስረዘመ ተመልካችን እንዲያስቅ ነው። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ መመዝገቡ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ አደባባዩ ችቦውን እንጂ በየቤቱ የሚሆነውን አያሳየንም። የጉራጌው ነጋዴ በመርካቶ ያለውን ሱቅ ዘግቶ ለመስቀል አገሩ የሚገባው እሳት ሲነድ ለመመልከት ብቻ አይደለም። ወላጆቹን ይጠይቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የዓመቱ የቤተሰብ ጉዳይ ይመከርበታል። ቅርሱን የሚያቆመው ምሰሶ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ጠቢባኑ ቀለም የሚቀቡት ግድግዳውን ነው።

የዘመድ ወሬ መቋረጥ ምን እንደሚያስከፍል የቅርብ ጊዜ ታሪካችን ይመሰክራል። በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ምክንያት በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ስልክ ተቋርጦ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ልክ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዛላምበሳና በቡሬ ድንበሩ ሲከፈት ሃያ ዓመት ያልተያዩ ቤተሰቦች ተላቀሱ፤ ሆኖም ድንበሩ ከወራት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ። በትግራይም የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. መስከረም ስልክ እንደ ተቋረጠ አለፈ፤ የብዙ ሰው ጥያቄም መልስ አጥቶ ከረመ። ይህን ያየ ትውልድ ስልክ በእጁ ይዞ አበባ የተሣለበት የመልካም አዲስ ዓመት ምስል ለመቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲልክና ዘመድ የጠየቀ ሲመስለው ማየት ያሳዝናል።

«ደህና ነኝ» የሚባለው እንዳያስጨንቁ ብሎ ነው የሚል ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. በቤይሩት አሠሪዎቻቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ የጣሏቸውን እህቶቻችንን እናስታውስ። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እናቷ እንዳትጨነቅ «ደህና ነኝ» ትላለች፤ እናትም ሕመሟን ደብቃ «ደህና ነን» ትላለች። በሁለቱ ደህናዎች መካከል ሊረዳ የሚችል ዘመድ ሳይሰማ ይቀራል። ባህላችን ክፉ ወሬ ይደበቅ አላለም፤ የሚነገርበትን ሰዓትና ሥፍራ ደነገገለት እንጂ። መርዶ በማለዳ የሚነገረው፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ የሚነገረው፣ የሰማው ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው።

ስለዚህ መምህራን በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ተማሪዎቻቸው አያቶቻቸውን ጠይቀው የቤተሰባቸውን ክረምት ጽፈው እንዲያመጡ ያድርጉ። ጸሐፌ ተውኔቱ ያን ረጅም ሰላምታ ከነሥርዓቱ ወደ መድረክ ያምጣው፤ ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው ሲታለፍ ምን እንደ ተዘለለ ተመልካቹ እንዲሰማ ያድርግ። አመራሩም በበዓል ዋዜማ ባህል ያለመልማል ተብሎ ንግግር ከማድረጉ አስቀድሞ ሠራተኛው አገሩ ገብቶ የሚመለስበትን ቀን ይፍቀድለት። «እንዴት ከረማችሁ?» ብሎ የጠየቀም መልሱ እስኪያልቅ ድረስ ይቁም።