አበጀ በለው ማሸነፍ ነበረበት

ሰሞኑን ሁለት የድሮ ተማሪዎቼ ቡና ጋበዙኝና ሲከራከሩ አመሹ። ክርክሩ "ናሩቶ" ላይ ስላለው ፔይን ነው። አንደኛው "ቲቸር፣ ፔይን እኮ ማሸነፍ ነበረበት" ይላል። ሌላው "መንደር ሙሉ ሰው ጨርሶ? አትቀልድ!" ይለዋል። እኔን ዳኛ አደረጉኝ። ያን ዕለት ዝም ብያቸው ተለያየን፤ ፍርዴን አሁን ልስጥ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ መጨረሻው ጃፓን ሳይሆን ጎጃም ነው የሚያደርሰን።

ላላያችሁት ባጭሩ፦ ፔይን እውነተኛ ስሙ ናጋቶ ነው። ትልልቅ አገሮች እየመጡ የሚዋጉባት የአንዲት ትንሽ አገር ልጅ ነው። እናት አባቱን የገደሉበት የእነ ናሩቶ መንደር ተዋጊዎች ናቸው። አድጎ፣ ጉልበት አግኝቶ ይመጣና ያችን መንደር ያወድማታል። ከዚያ ናሩቶ ያናግረዋል፣ ፔይን ልቡ ይመለሳል፣ የገደላቸውን አስነስቶ ራሱ ይሞታል። አለቀ። የእናንተ ሰላም ለምን በኛ ሬሳ ላይ ይቆማል የሚለው ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀረ።

ብልሃቱን አያችሁት? ደራሲው ለአንድ ሰው እውነተኛ በደል ይሰጠዋል። በደሉ አንባቢውን እንዳያሳምነው ሲፈራ ደግሞ የሰውየውን እጅ ደም ያስነክረዋል። ከዚያ በኋላ የምንፈርደው በእጁ ነው፤ በደሉን ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ፍርዴ፦ ፔይን ማሸነፍ አልነበረበትም፣ ሕዝብ ጨርሷልና። ጥያቄው ግን ማሸነፍ ነበረበት።

አሁን እጁን ደም ያላስነከረ "እኩይ" ላሳያችሁ። አበጀ በለው ይባላል።

"ፍቅር እስከ መቃብር" የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ታሪኩም የኛው ነው፤ ማንኩሳ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ማርቆስ። ያላነበበው እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል። ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ያላዘነ አላውቅም። አበጀን ግን ስንቶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ?

የዛሬ ጥቂት ዓመት ክፍል ውስጥ "በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እኩዩ ገጸ ባሕርይ ማነው?" ብዬ ጠየቅሁ። "ፊታውራሪ መሸሻ!" ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሣና "አበጀ በለው" አለኝ።

"ለምን?"

"ሽፍታ ነዋ ቲቸር! ጌታውን ማረከ እኮ።"

ክፍሉ ውስጥ አንድም ልጅ አልሳቀም። የልጁ አባት ገበሬ ናቸው። ክረምት ሲሆን እሱም እርፍ ይጨብጣል።

እስቲ ማን ምን እንዳደረገ እንይ። ፊታውራሪ መሸሻ የሚኮሩት በዘራቸው ነው። ልጃቸው ያለ ባል የቀረችው እሷን የሚመጥን ዘር ጠፍቶ ነው። ባላገሩ የጠየቁትን አልሰጥም ሲላቸው ጦር አስከትለው ሊቀጡት ወጡ። አበጀ ባላገሩን አስተባብሮ ማረካቸው። ማርኮም አልገደላቸውም። እኔ የምለው፣ ይኼ ነው ሽፍታው? ጦር ይዞ ሰው ደጅ የሄደው "ጌታ"፣ ደጁን የጠበቀው "ሽፍታ" የሚባልበት ቋንቋ የማን ቋንቋ ነው?

"ቲቸር፣ ካሸነፈ አይበቃም ወይ?" ትሉኛላችሁ። አይበቃም። የአንድ ቀን ውጊያ አሸነፈ እንጂ መጽሐፉን አላሸነፈም። በመጨረሻው ላይ እነ አበጀ የሉም። ያለው መቃብር ነው፤ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሣ። (ስልሳ ዓመት ሙሉ ያላነበበ ካለ፣ መጨረሻውን ነገርከኝ ብሎ እንዳይቀየመኝ።) ለፍቅረኞቹ አልቅሰን መጽሐፉን እንዘጋለን፤ ባላገሩ ግብሩን ይዞ እዚያው ይቀራል።

እዚህ ላይ ነው የምከራከረው። በዛብህ ማነው? የማንኩሳው ባላገር የቦጋለ መብራቱ ልጅ ነው። ሰብለን እንዳያገባ የከለከለው አጥርና አበጀን ያስነሣው አጥር አንድ ነው። የፊታውራሪ ሥርዓት ያን ጊዜ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ በዛብህ አገር ጥሎ አይሸሽም፤ ሰብለም መነኩሴ መስላ አትከተለውም ነበር። በዛብህን የመቱት መንገድ ላይ ያገኙት ወንበዴዎች ናቸው፣ እሺ። መንገድ ላይ ያወጣውስ ማነው? እኛ ግን የፍቅሩን ታሪክ ከገበሬው ታሪክ ቆርጠን ለየነውና ስልሳ ዓመት በግማሹ ስናለቅስ ኖርን። ጉዱ ካሣን እንኳ የምንወደው ስለተናገረ ነው። እሱ የተናገረውን የሠራው ግን አበጀ ነው።

"ሀዲስ ምን ያድርጉ? በዚያ ዘመን ገበሬ አያሸንፍም ነበር" የሚሉኝ አሉ። ለነሱ መልሴ 1960 ዓ.ም. ነው።

መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ርስቴን ላጣ ነው ብሎ አልቀበልም አለ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አዘመተ፣ ሰው ሞተ። ገበሬው ግን አልተበተነም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ንጉሡም ውዝፉን ግብር ማሩ። እንግዲህ በልብ ወለዱ ማሸነፍ ያልተፈቀደለት አበጀ፣ በዚያው አፈር ላይ በእውን አሸነፈ ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት አዋጁ መጣ፣ ጭሰኝነትም ቀረ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ማር ነበር አልልም፤ ያንን የገጠር ሰው ይነግራችኋል።

ሀዲስን እየሰደብኩ አይደለም። የንጉሡ መንግሥት ሹም ሆነው አበጀን መጻፋቸው ራሱ ድፍረት ነው። ጥፋቱ የኛ የአንባቢዎቹ፣ ይልቁንም የኛ የመምህራን ነው።

ለምን እንደሆነ ልናገር። ሰነፍ ተማሪ ሲያጋጥመኝ ስንት ጊዜ "ካልተማርክ እንደ አባትህ ታርሳለህ!" ብያለሁ! ብዙዎቻችሁ ከኔው አፍ ሰምታችሁታል። ማስፈራሪያ አድርጌው እኮ ነው። ገበሬ መሆንን የቅጣት ስም አድርጌ ስናገር የከረምኩ ሰው፣ የገበሬ ልጅ አበጀን እኩይ ሲለው ምን ይገርመኛል? ፊታውራሪ መሸሻም ከዚህ የተለየ አላስተማሩም።

መጽሐፉ ቤታችሁ ካለ አውጡትና አንብቡት። በዚህኛው ዙር ሰብለንና በዛብህን ለጊዜው ተዋቸውና አበጀን ተከተሉት። ከዚያ ፔይን ላይ እንከራከራለን፣ ቡናው በኔ ነው።

አንተ የኋላ ወንበሩ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፦ ያን ቀን "ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ" ብዬህ ነበር። ከማን እንደተማርከው ግን አልጠየቅሁህም። ይቅርታ።