ግቢው የሚበላው ዳቦ ከየት ይምጣ?

በየዩኒቨርሲቲው ግዥ ክፍል ለምትሠሩ፣ በግቢው ዙሪያ ዳቦ ለምትጋግሩ፣ ልብስ ለምትሰፉ፣ ብረት ለምትበይዱ ወገኖቼ፦

የምጽፍላችሁ ከአሜሪካ፣ ከምዕራብ ፊላደልፊያ ነው። ሰፈራችን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት፣ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከከተማው የግል ቀጣሪዎች ትልቁ ሆኖ ሳለ፣ አጠገቡ ያለው ሰፈር ለረጅም ዘመን በድህነት ኖሯል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ዩኒቨርሲቲው ከጎረቤቶቹ ለመግዛት አቅዶ ተነሣ፤ ከ1994 እስከ 2004 በፕሬዚዳንትነት የመሩት ጁዲት ሮዲንም ገፉበት። ብልሃቱ ትንንሾቹን ከግዙፎቹ ጋር ብቻቸውን አለማጋፈጥ ነበር። ለምሳሌ የጽሕፈት መሣሪያ የሚያቀርበው ኦፊስ ዲፖ በሰፈሩ ካለ አነስተኛ ድርጅት ጋር ተጣምሮ እንዲሠራ ተደረገ።

የሌላዋ የአሜሪካ ከተማ፣ የክሊቭላንድ ታሪክ ደግሞ ጥንቃቄ ያስተምራል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ኤቨርግሪን የተባለ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የልብስ ማጠቢያ ሲከፈት፣ በዙሪያው ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ደንበኛ ይሆኑታል ተብሎ ነበር። እነሱ ግን አስቀድመው ከሌሎች ጋር ተዋውለው ነበር። ከእነሱ አንዱ የሆነው ክሊቭላንድ ክሊኒክ የማጠቢያ ሥራውን ለኤቨርግሪን ያስረከበው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ነው። እባካችሁ፣ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ግቢው ያለበት ውል መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ።

የእኛ የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪውን በግቢ ያኖራሉ፣ ቁርስ፣ ምሳና እራት ያበላሉ። ጤፉ፣ ምስሩ፣ በርበሬው፣ ዳቦው፣ ፍራሹ፣ አልጋው፣ የመማሪያ ክፍሉ ወንበር፣ ሁሉም በየዓመቱ የሚመለስ ገበያ ነው። ታዲያ በሩ ላይ ያለው ዳቦ ቤት የጨረታ ማስታወቂያውን አንብቦ ለምን ያልፈዋል? ዳቦ መጋገር ስለማይችል አይደለም። ዳቦው ከዱቄትና ከዘይት ጋር በአንድ ሎት (የግዥ ምድብ) ከታሰረ፣ ሁሉንም የማቅረብ አቅም የለውም። ለጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ ሲያሠራ የዱቄት መግዣው ባንክ ይቀመጥበታል። ሁሉን አልፎ ቢያሸንፍ እንኳ፣ ላቀረበው ዳቦ የሚከፈለው ሲዘገይ በማግስቱ የሚጋግርበት ዱቄት አይኖረውም። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ አከፋፋይ ነጋዴ የሦስት ወር ክፍያ ጠብቆ ይኖራል፣ ዳቦ ቤት ግን ይዘጋል።

ሕጉ ይህን ጨርሶ አልዘነጋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ግዥ አዋጅ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት ፈቅዶ ነበር፤ መመሪያውም በባንክ ዋስትና ፋንታ ያደራጃቸው አካል የሚጽፈውን የዋስትና ደብዳቤ ተቀብሎ ነበር። ከጨረታ ለማምለጥ ግዥን መቆራረጥ ክልክል ነው፤ ደግሞም ክልክል መሆን አለበት። እኔ የምለምነው ሌላ ነው። በአንዱ ግልጽ ጨረታ ውስጥ ዳቦው ለብቻው ሎት ይሁን። ሐምሌ 1 በጀት ዓመቱ ሲጀምር የዓመቱ ዕቅድ በቀላል አማርኛ ግቢው በር ላይም ይለጠፍ። የኤሌክትሮኒክ ግዥ ምዝገባ ለሚከብዳቸው፣ የራሳችሁ የሒሳብ አያያዝና የማኔጅመንት ተማሪዎች ያግዟቸው። ለእነሱም ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ነው።

ጥራትን ዝቅ አድርጉ አላልኩም። የዳቦው ግራም ከጎደለ ይመለስ፤ የተማሪ ሆድ የማንም መለማመጃ አይደለም።

እኛ ውጭ ያለነው ብዙ ጊዜ ለግቢዎች መጽሐፍና ያገለገለ ኮምፒውተር እንልካለን። መልካም ነው። አሁን ግን የተማርንባቸውን ግቢዎች ጎረቤቶች እናስብ። ውል የያዘ ዳቦ ቤት ወይም የእንጨት ሥራ ማኅበር ክፍያው እስኪደርስ የሚንቀሳቀስበትን ገንዘብ፣ በአካባቢው የቁጠባና ብድር ማኅበር በኩል ብናበድር፣ ክፍያው ሲገባ ተመልሶ ለሚቀጥለው ይዞራል። እዚህ ይህን ሐሳብ ይዘው ለማዋጣት የተዘጋጁ ወዳጆች አሉኝ።

ከእናንተ የምንፈልገው አንድ መረጃ ነው። ርክክብ ከተፈጸመ በኋላ ክፍያ ስንት ቀን ይወስድባችኋል? በወረቀት ላይ ያለውን ሳይሆን በተግባር ያለውን ጻፉልን፤ የምናዋጣው ገንዘብ ልክ የሚቆረጠው በእሱ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከፊላደልፊያ